ዛፍ ላይ ወጥቶ መሥራት፦ በ18ም በ45ም ዓመት ከየት ይጀመራል?

ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይደርሱናል። አንዱ «18 ዓመቴ ነው፤ ዛፍ መውጣት ከልጅነቴ ለምጃለሁ፤ እንዴት እንጀራዬ ላድርገው?» የሚል ነው። ሌላው «43 ሞልቶኛል፤ አሁን ብጀምር አልረፈደብኝም ወይ?» ይላል። ለሁለቱም መንገዱ አንድ ነው። ዕድሜ ቅደም ተከተሉን አይለውጥም፤ የሚለውጠው በየደረጃው የምትቆዩበትን ጊዜ ነው።

መመሪያው መሐል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው። እዚህ ዛፍ ገንድሶ የሚጥሉበት ባዶ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ከሥር ቆርቆሮ፣ አጥር፣ የቆመ መኪናና የመብራት ሽቦ አለ። ስለዚህ ሥራው ወጥቶ፣ ራስን አስሮ፣ ከላይ ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ቆርጦ ማውረድ ነው። በባዶ እግር ወጥቶ በመጥረቢያ መምታት ሌላ ነገር ነው፤ ያንን የሚችል ሰው እንኳ ከመጀመሪያው ደረጃ ይጀምር።

በመጀመሪያ፦ ዕድሜና ጤና

ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ ለክፍያ ዛፍ ላይ አትውጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 ዓመት ያደርጋል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ ለሕይወትና ለጤና አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ እንዳይመደብ ይከለክላል። እስከዚያው ቋጠሮ፣ የዛፍ ዓይነት መለየትና መጋዝ መሳል ተማሩ። ሦስቱንም ጓሮ ውስጥ ተቀምጦ መልመድ ይቻላል።

ከ18 እስከ 30 ያላችሁ ሰዎች ችግራችሁ ጉልበት ማነስ አይደለም። ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። «ጎበዝ ነኝ» ብሎ በመጀመሪያው ወር በየቀኑ የወጣ ሰው በሁለተኛው ወር ክርኑንና ጣቱን ታሞ ይቀመጣል። በሳምንት 3 ቀን ብቻ ውጡ፤ በመካከሉ እረፉ።

ከ40 በላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የዓይንና የትከሻ ምርመራ አድርጉ። የምትወስዱት መድኃኒት የሚያዞር ወይም የሚያስተኛ ከሆነ ለሐኪማችሁ «ከፍታ ላይ ነው የምሠራው» ብላችሁ ንገሩ። አጠቃላይ ምርመራ ብቻ ብትጠይቁ ይህ ነጥብ አይነሳም። በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን ከ3 ሰዓት ያልበለጠ መውጣት ይበቃችኋል። በክንድ እየተጎተታችሁ ሳይሆን በእግር እየተገፋችሁ የምትወጡበትን ዘዴ ተማሩ፤ ትከሻ አንዴ ከተጎዳ ቶሎ አይመለስም።

ጾም የምትጾሙ ከሆነ፣ ወጣትም ሁኑ ጎልማሳ፣ መውጣቱን ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ጨርሱት፤ የቀረውን መሬት ላይ ሥሩ። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ ከፍታ ላይ መቆየት ያዞራል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የዛፍ መውጫ ሃርነስ፦ ወገብና ጭን የሚይዝ፣ ከፊት አንድ ማሰሪያ፣ በሁለቱም ጎን ደግሞ አንዳንድ ቀለበት ያለው። የግንባታ ቀበቶ ከጀርባ ቀለበት ያለው ነው፤ የተሠራው መውደቅን ለመያዝ እንጂ ተቀምጦ ለመሥራት አይደለም። ዛፍ ላይ ከጀርባ አንጠልጥሎ ያስቀምጣችኋል።
- ዋና ገመድ፦ ውፍረቱ ከ11.5 እስከ 13 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 45 ሜትር፣ ቢያንስ 24 ኪሎኒውተን (ወደ 2,400 ኪሎ ገደማ) የሚችል፣ ብዙም የማይለጠጥ።
- የወገብ ገመድ፦ ከ3 እስከ 5 ሜትር፣ ርዝመቱን ማሳጠርና ማስረዘም የሚቻል። መጋዝ ሲነካው ቶሎ እንዳይበጠስ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው ቢሆን ይመረጣል።
- የቋጠሮ ገመድ፦ ዋናው ገመድ ላይ ተጠምጥሞ የሚይዛችሁ፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ሙቀት የሚችል፣ 2 ፍሬ።
- ካራቢነር (ገመድና ሃርነስ የሚያገናኝ የሚከፈት የብረት ቀለበት)፦ 5 ፍሬ፣ በራሱ የሚቆለፍና ለመክፈት ሦስት እንቅስቃሴ የሚጠይቅ።
- መወርወሪያ፦ 300 ግራም ገደማ የሚመዝን ከረጢትና 50 ሜትር ቀጭን ገመድ።
- የአገጭ ማሰሪያ ያለው ሄልሜት። ማሰሪያ የሌለው የግንባታ ሄልሜት ስታጎነብሱ ይወርዳል።
- 33 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቆልማማ የእጅ መጋዝ ከነማኅደሩ።
- መነጽር፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ፊሽካ፣ ማገጃ ሪባን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን።

በኪሎ የሚሸጠው የናይለን ገመድ ቅርንጫፍ ለማውረድ ይሆናል፤ ሰው ግን አይሰቀልበትም። ሕይወት የምታንጠለጥሉበት ዕቃ ሁሉ ላይ የሚችለው ጭነትና የተመረተበት ዘመን መጻፍ አለበት። ጽሑፉ ከሌለ ወይም ከጠፋ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል ተዉት። ሰልባጅ ሃርነስና ገመድም አትግዙ፤ ምን ላይ ወድቆ፣ ምን ፈሶበት እንደነበር ማየት አይቻልም።

ደረጃዎቹ

1. መሬት ላይ ጀምሩ (ወጣት 2 ወር፣ ከ40 በላይ 3 ወር)። ከሚሠራ ቡድን ጋር የመሬት ረዳት ሁኑ፦ ገመድ ያዙ፣ ቅርንጫፍ ጎትቱ፣ መንገደኛ አግዱ። ከላይ ያለውን ሰው የሚጠብቀው የመሬቱ ሰው ነው። ቅርንጫፍ ሲወድቅ ወዴት እንደሚዞር፣ ገመድ የት እንደሚያዝ፣ የሚወጣው ሰው የቱ ጋ እንደሚቸገር ከታች በደንብ ይታያል። ይህን ያልሠራ ሰው በኋላ ከላይ ሆኖ የሚያዘው ትእዛዝ ታች ላሉት አይገባም።

2. ዛፎቹን በእንጨታቸው ለዩ። ስማቸውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ቅርንጫፋቸው እንዴት እንደሚሰበር ማወቅ ነው ዋናው። ግራቪሊያ ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው፤ እርጥብ መስሎ ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ልሙጥ ነው፣ የተላጠ ቅርፊቱ ጫማ ያንሸራትታል፣ ረጅም ቅርንጫፉም ነፋስ በሌለበት ቀን ሊወርድ ይችላል። የሐበሻ ጽድ ውስጡ በደረቅ ጭራሮ የተሞላ ስለሆነ ዓይን ይወጋል፤ ሙጫውም መጋዝና ገመድ ላይ ይጣበቃል። ጃካራንዳ ከሹካው (ቅርንጫፍ ለሁለት ከሚለያይበት ቦታ) የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ወይራና ዝግባ ጠንካሮች ናቸው፤ ያረጁት ግን ውስጣቸው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በመዶሻ እጀታ መትታችሁ ድምፁን አዳምጡ። የግራርን እሾህ ነገር ሳይነገረው የሚያውቅ ነው ሁሉም።

ለመጀመሪያ ልምምድ ጤነኛ ጽድ ወይም ወይራ ምረጡ። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ለጀማሪ አይሆኑም።

3. አምስት ቋጠሮ እስኪሰለቻችሁ ድረስ እሰሩ። ባለስምንት ቁጥር፣ ድርብ የዓሣ አጥማጅ፣ ገመድ ላይ ተጠምጥመው የሚይዙት ፕሩሲክና ብሌክ፣ ዕቃ መሳቢያ የሚሆን ክሎቭ። ከሁሉም ጊዜ የሚወስደው ብሌክ ነው፤ የሚወጣውንም የሚወርደውንም ሰው የሚይዘው እሱ ስለሆነ። የቋጠሮውን ገመድ በዋናው ገመድ ዙሪያ ወደ ላይ 4 ዙር ትጠመጥሙታላችሁ፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ታች መልሳችሁ፣ ወደ ሃርነሳችሁ በሚሄደው ገመድ ላይ አሳልፋችሁ፣ ከታች ባሉት 2 ዙሮች ሥር ታወጡታላችሁ። ከ2 ይልቅ በ1 ዙር ወይም በተሳሳተው ጎን ካሳለፋችሁት ቋጠሮው የያዘ መስሎ ይታይና ክብደት ሲያርፍበት ይንሸራተታል። በጫፉ ላይ ሁልጊዜ ባለስምንት ቁጥር ማቆሚያ እሰሩ።

ማለፊያው፦ አምስቱንም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን ከ1 ደቂቃ በታች። ክፉ ቀን ላይ ቋጠሮውን የምታስሩት ቅጠል ፊታችሁን ሸፍኖ፣ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ነውና።

4. ከመውጣታችሁ በፊት ዛፉን ዙሩት። 10 ደቂቃ ስጡት፤ ከሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ እዩ። ሥሩ ላይ እንጉዳይ፣ የተነሳ አፈር ወይም በቅርብ የተቆፈረ ቦይ ካለ አትውጡ። መሐል ከተማ ለቱቦና ለእግረኛ መንገድ ብዙ ስለሚቆፈር፣ ላዩ አረንጓዴ የሆነ ዛፍ በአንድ ጎን ሥሩ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱ በአዲስ ንጣፍ ስለተሸፈነ አይታይም። የግቢውን ዘበኛ ወይም ጎረቤት «እዚህ በቅርብ ተቆፍሮ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ግንዱ፦ ስንጥቅ፣ ቀዳዳ፣ ንብ። ንብ መኖሩን ለማወቅ ፀሐይ ሲሞቅ ቀዳዳውን 5 ደቂቃ ተመልከቱ፤ የሚገቡና የሚወጡ ካሉ ሥራው ለሌላ ቀን ነው፤ ንብ አናቢ ይጠራል። ጭስ አጭሶ መውጣት የሚባለውን ምክር አትስሙ፤ ታስራችሁ ያላችሁ ሰው መሸሽ አትችሉም። ጭልፊት ጎጆ ካለም ተዉ፤ ወፏ ጭንቅላት ላይ ትወርዳለች።

በመጨረሻ ሽቦ። የከተማው መካከለኛ መስመር 15,000 ቮልት ነው፤ ቤት የሚገባው 220። ከየትኛውም ሽቦ እናንተ፣ መጋዛችሁና የምትቆርጡት ቅርንጫፍ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦውን ባትነኩት እንኳ ቅርንጫፉ ከነካው በቂ ነው። 3 ሜትር ካልተገኘ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውላችሁ መስመሩ እንዲቋረጥ ጠይቁ። ባለቤቱ «ቶሎ ብላችሁ ነቅንቁት፣ ምንም አይልም» ቢላችሁም «አይ ጋሼ፣ መብራቱ ሳይጠፋ አንወጣም» በሉ።

5. ገመድ ስቀሉና ፈትኑ። ከረጢቱን ወርውራችሁ በምትፈልጉት ሹካ አሳልፉት፤ በቀጭኑ ገመድ ዋናውን ሳቡ። የሚመረጠው ሹካ ለግንዱ ቅርብ፣ ሕያው፣ ቅርንጫፉም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ነው፤ ለተሰባሪ ዛፍ 15። ከዚያ ሁለት ሰዎች ከሥሩ ፈቀቅ ብለው፣ ሄልሜት አድርገው፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ላይ ይንጠልጠሉበት። ሁለት ሰው ካልያዘ፣ አንድ ሰው እየወጣ ሲንቀጠቀጥበት አይይዝም።

ገመዱ በባዶ ቅርፊት ላይ እንዳይፋተግ ቀለበት ያለው መከላከያ ማሰሪያ ብትጠቀሙ ዛፉም አይቆስልም፣ ገመዱም አያረጅም።

6. ዝቅ ብላችሁ ውጡ (ወጣት 2 ወር፣ ከ40 በላይ 4 ወር)። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሃርነሱ ውስጥ 10 ደቂቃ ተቀመጡ፤ የጭን ማሰሪያው ካደነዘዛችሁ አሁኑኑ አስተካክሉት። ቋጠሮው መያዙን፣ መልቀቁን፣ እንደገና መያዙን እዩ። ከዚያ 2 ሜትር፣ ከዚያ 4። መጋዝ ሳትይዙ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ ብዙ ሰው ያሰናክላል፤ በተለይ ያለ ገመድ መውጣት የለመደ ወጣት። እሱ ዛፉን በክንዱ ይጨብጣል እንጂ ገመዱን አያምንም። የጨበጠ እጅ ደግሞ መሥራት አይችልም። ሁለቱንም እጃችሁን አንሥታችሁ በገመዱ ላይ ተቀምጣችሁ ማውራት እስክትችሉ ከ4 ሜትር አትለፉ። ከ40 በላይ የሆኑ ጀማሪዎች ገመዱን ቶሎ ያምናሉ፤ የእነሱ ችግር ትንፋሽ ነው። 2 ሜትር ወጥቶ ቆሞ መተንፈስ፣ እንደገና 2 ሜትር፤ ማንም አይስቅባችሁም።

ስትወርዱ ቀስ በሉ። በፍጥነት ስትወርዱ ሰበቃው የቋጠሮውን ገመድ ያቀልጠዋል፤ የሚያብለጨልጭ ጠንካራ ቦታ ካያችሁበት ያ ገመድ አብቅቶለታል።

ማለፊያው፦ 8 ሜትር ሦስት ጊዜ ወጥቶ መውረድና በሦስተኛው ላይ እጅ አለመንቀጥቀጥ።

7. ማውረድን ተለማመዱ። ራሱን ስቶ ሃርነሱ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ መሬት ላይ ሌላ መውጣት የሚችል ሰው፣ ሌላ ሃርነስና ሌላ ገመድ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። 70 ኪሎ አሸዋ ከረጢት አስራችሁ 6 ሜትር ላይ ስቀሉ፤ ረዳቱ ወጥቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያውርደው። ካልቻለ ቡድናችሁ ገና አልተዘጋጀም። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ውሰዱ፤ የአምቡላንስ 907ንና የእሳትና አደጋ 939ን ከሄልሜታችሁ ውስጥ ለጥፉ።

8. መቁረጥ። መጋዝ ከማውጣታችሁ በፊት በሁለት ነገር ታሰሩ፦ በዋናው ገመድና በወገብ ገመዱ፣ በተለያየ ቦታ። የተወጠረ ገመድ መጋዝ ሲነካው እንደ ክር ይበጠሳል፤ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይያዛችሁ።

ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል፦

ሀ. ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ከሥር ወደ ላይ፣ የውፍረቱን ሩብ ያህል።
ለ. ከዚያ ወደ ጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ከላይ ወደ ታች፣ እስኪወድቅ።
ሐ. የቀረውን ጉቶ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ከሚያያዝበት ካበጠው አንገት ውጭ።

የሥሩን ቁርጥ ከዘለላችሁ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይላጣል፤ አንዳንዴም ወደ እናንተ ይወዛወዛል። አንገቱን ከቆረጣችሁት ቁስሉ አይድንም፣ መበስበስ ወደ ግንዱ ይገባል። ከሕያው ቅጠሉም በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አትቀንሱ፤ ራሱን መመገቢያው እሱ ነውና።

ከመጣላችሁ በፊት «ቅርንጫፍ!» ብላችሁ ጩኹ፤ የመሬቱ ሰው «ነፃ ነው!» ብሎ እስኪመልስ ጠብቁ። የታክሲ ጥሪና ክላክስ ድምፅ ስለሚውጥ አንድ ፊሽካ «ቁም»፣ ሁለት ፊሽካ «ቀጥል» ይሁን። ሪባን ብቻ አትመኑ፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፋል። በእግረኛ መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ሰው አቁሙ፤ ከሥሩ ጀበና ያስቀመጠች ሴት ወይም ሊስትሮ ካለ ከሥራው በፊት ተነጋግራችሁ አንሡ።

የሞተር መጋዝ ከአንድ ዓመት በኋላ ይምጣ፤ መጀመሪያም መሬት ላይ።

9. ወረቀትና ሥራ። የመንገድ ዳር ዛፍ የከተማው ነው፤ ወረዳው ዘንድ ቀርባችሁ የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዙ አትንኩት። የግቢ ዛፍ ከሆነም ባለቤቱ ፈቃድ ማውጣት እንዳለበትና እንደሌለበት አስቀድሞ እዚያው ይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሆነ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋገሩ፤ በበዓልና በቅዳሴ ሰዓት አይሠራም።

ዋጋ ስትነግሩ የሰው ቁጥር፣ የሰዓትና የቅርንጫፍ ማንሻ ጭነት ለይታችሁ ቁጠሩ። ጀማሪ የሚከስረው በጭነቱ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ቀጥ ያለው ግንድ ለአጣና ገዢ ስላለው፣ የማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ከባለቤቱ ጋር ተስማሙ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- በክረምት ከሰዓት በኋላ መውጣት። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ቶሎ ይሰበሰባል፤ ነጎድጓድ እንደተሰማ ውረዱ። የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ነው።
- ሕያው ዛፍ ላይ በእግር የሚታሰር የብረት ሹል መጠቀም። እያንዳንዱ ቀዳዳ የበሽታ መግቢያ ነው። ሹሉ ለሚወገድ ዛፍ ብቻ ነው።
- አናቱን ገምሶ መተው። ባለቤቱ «አሳጥሩት» ሲል ማለቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከጉቶው የሚበቅለው ቀንበጥ ደካማ ስለሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተገንጥሎ ይወድቃል። የሚያስቸግረውን ቅርንጫፍ ብቻ ከመነሻው አንሡለት።
- ከትከሻ በላይ መቁረጥ። ብናኙ ዓይን ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ፊት ላይ ይመጣል። ወደ ላይ ውጡና በወገብ ከፍታ ቁረጡ።
- ገመድን ከመኪና ባትሪ ወይም ከቤንዚን ጋር በአንድ ሻንጣ ማስቀመጥ። አሲድ ዱካ ሳይተው ክሩን ይበላዋል። በቀላል ሳሙና እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ናይለን ያደርቃል።
- መዝገብ አለመያዝ። ቀኑን፣ የዛፉን ዓይነት፣ ከፍታውንና የሠራችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ የፊትና የኋላ ፎቶ አንሡ። ሆቴልም ኤምባሲም ትምህርት ቤትም ሥራ ሲሰጥ የሚጠይቀው ይህን ነው። ዓለም አቀፉ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር የሚሰጠውን የባለሙያ ምስክርነት ለመፈተን ደግሞ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ማሳየት ሊጠበቅባችሁ ይችላል፤ መዝገቡን ከመሬት ረዳትነት የመጀመሪያ ቀን ጀምራችሁ ክፈቱት።